«ዶክተር ሆኖ ደግሞ ሥራ ፍለጋ?»

ፒኤችዲ የሚማር ልጅ ዲፌንሱ ሲቃረብ ዘመድ ጎረቤቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «አንተማ አለፈልህ፤ ሥራው ራሱ ፈልጎህ ይመጣል።» ጉንችሬም ይባላል፣ ወልቂጤና ቡታጅራም እንደዚያው። ለመስቀል አገር ቤት የገባ ሁሉ ክትፎው ሳይነሳ «መቼ ነው ዶክተር የምትባለው?» ብሎ ይጠይቃል። «ከዚያስ የት ልትሠራ ነው?» የሚል ግን የለም። ዘመድን አልወቅስም፤ ከፍቅር ነው። የምወቅሰው ይህንኑ ተረት በጋዋንና በቆብ አስጊጦ የሚሸጠውን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተረቱን አምኖ አራትና አምስት ዓመት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቀውንም ተማሪ አልምረውም።

«አንተ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዘህ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። በፍሪላንስ የሚኖር ጋዜጠኛ በየወሩ ሥራ ፈላጊ ነው። በዚህኛው ትምህርት ከብዙ ዶክተር እበልጣለሁ።

ተረቱ እውነት የነበረበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው በ1980 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያኔ ዶክተር በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ በየአቅጣጫው ተከፈተ፤ የእኛው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብርዬ ላይ በ2004 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። አዲስ ግቢ ሲከፈት መምህር ይፈልጋል፣ ማስተርስ የያዘውም ሳይቀር ይሻማበታል።

አሁን ግን ተማሪው ራሱ ቀነሰ። በጥር 2015 ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ክፍሎቻቸውን በሪሚዲያል ሞሉ። ተማሪ ያጣ ዲፓርትመንት አዲስ ዶክተር ምን ያደርግለታል? ሥራውን ያገኘውም ቢሆን ጠግቦ አላደረም፤ በኅዳር 2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ማቆማቸውን የረሳ የለም። ሕልም ሆኖ የሚሸጠው ወንበር ይኼው ነው።

የእኛ አገር የፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ውል ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ደመወዙ እየተከፈለው የሚማር ነው። ይህኛው «እኔን አይመለከተኝም፣ ተመልሼ እገባለሁ» ይላል። ይመለከትሃል! አዲስ አበባ ባገኘኸው ላቦራቶሪ የተሠራ ጥናት ይዘህ ያ መሣሪያ ወደሌለበት ግቢ ስትመለስ የሚጠብቅህ ሦስት ኮርስና ያረጀ ስላይድ ነው። የምርምር ገንዘብና አብሮ የሚሠራ ሰው የምትፈልገው ከመመለስህ በፊት ነው። ውሉንስ ከፈረምክ ወዲህ አንብበኸዋል? ስንት ዓመት ልታገለግል ነው? ብትለቅ የሚጠየቀው ዋስህ ማን ነበር?

ሁለተኛው በራሱ ገንዘብ ወይም ሥራውን ለቆ የሚማረው ነው። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ደመወዝ የለ፣ የሚመለስበት የለ፣ ዕድሜው ሠላሳውን አልፏል፣ ቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። የቅጥር ማስታወቂያ አዲስ ዘመን ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ የምዝገባው ጊዜ ጥቂት የሥራ ቀናት ነው፤ ዋናውንና ኮፒውን ይዘህ ቅረብ ይላል። የእኛ ሰውዬ ዲፌንስ አድርጓል፣ ግን እርማቱን ገቢ አላደረገም፤ ክሊራንሱ አንድ ቢሮ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ጊዜያዊ ዲግሪው አልተጻፈለትም። ማስታወቂያው አለፈ። ይህ የዕውቀት ጉድለት አይደለም፣ ያልተዘጋጀ ሰው ጣጣ ነው።

ወደ ውጭ የሚያስበውም ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ለአዲስ ዶክተሮች የሚሰጠውን የፖስትዶክ ዕድል የሚያገኙት ፒኤችዲ ካጠናቀቁ ብዙም ያልቆዩ፣ በጥቂት ዓመታት ገደብ ውስጥ ያሉ ናቸው። ታዋቂ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍም ይፈለጋል፣ የሚቀበል ፕሮፌሰርም አስቀድሞ መገኘት አለበት። የማያውቅህ ፕሮፌሰር በአንድ ኢሜይል እሺ አይልህም። ደብዳቤው መጻፍ ያለበት ገና ዳታ እየተነተነ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ ነው አማካሪው «መጀመሪያ ጨርስ፣ ሐሳብህ አይከፈል» የሚለው። ደመወዙ በየወሩ የሚገባለት ሰው ይህን ማለት አይከብደውም። በመጨረሻው ዓመት ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለሥራ ፍለጋ መስጠት ጥናቱን አይገድለውም። እንዲያውም ጥናትህን ለማን እንደምትነግር ያላወቅህ እንደሆነ ምዕራፍ አምስትን እንዴት ነው የምትጽፈው?

የእኛን ሰፈር ምሳሌ ልስጥ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ በሳይንስ ከተመዘገበ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እናቶቻችን ግን ዛሬም የደረሰ እንሰት ሲጠወልግ ቆመው ያያሉ። በዚህ ላይ ፒኤችዲ የሚሠራ ልጅ ሁለት መቶ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ጉንችሬ ወረዳ ግብርና ቢገባ፣ ወልቂጤ ዞን ድረስ ቢወጣ፣ የግብርና ምርምር ተቋማትን ቢያንኳኳ ምን ይጎድልበታል? የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ገና በነሐሴ 2015 የተመሠረተ ነው። ቢሮ ያለው ሰው ስምህን ካላወቀ ግን ክፍት ቦታ ሲመጣ ማንን ይጥራ? የሰፈሬ ልጅ መርካቶ ሲገባ ሸቀጡን ከመጫኑ በፊት ገዢውን ያጠናል። ያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህን ብልሃት የሚያስጥለው ማነው?

ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የሲቪና የኢንተርቪው ሥልጠና የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለዶክትሬት ተማሪ ሲሆን ነውር ይመስላቸዋል፤ «ትልቅ ሰው ነው» ይባላል። ትልቅ ሰውማ ልጅም አለው፣ ብድርም አለው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለተማሪው ብቻ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ የፒኤችዲ ፕሮግራም ከፈትን ብላችሁ ፌስቡክ ላይ ፎቶ የምትለጥፉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያስመረቃችኋቸው ዶክተሮች ዛሬ የት ናቸው? ስንቱ በተማረበት ሙያ ይሠራል፣ ስንቱ ተመልሶ ያንኑ ኮርስ ያስተምራል፣ ስንቱ ቤቱ ቁጭ ብሏል? በየዲፓርትመንቱ ለይታችሁ ቀጣዩ ዙር ምዝገባ ሳይከፈት አውጡት።