ችኩልና ቁጡ፦ ከወዳጅ ጋር የተደረገ ጨዋታ

«ዓይነት ኤ» የሚባለው ሰብእና የተወለደው በሥነ ልቦና መምህራን ዘንድ ሳይሆን በልብ ሐኪሞች ክሊኒክ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ማየር ፍሪድማንና ሬይ ሮዘንማን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዓት እንዳያመልጠው ዘወትር የሚጣደፍ፣ ሌላውን ካልበለጠ እንቅልፍ የማይወስደውና በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሰው፣ ረጋ ካለው «ዓይነት ቢ» ይልቅ ለልብ ደም ሥር መጥበብ የተጋለጠ መሆኑን አመለከቱ።

«ታዲያ ትጉህ ሰው ሁሉ መቃብሩን እየቆፈረ ነው ማለት ነው?» ሲል ወዳጅየው ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተመራማሪዎቹንም ለብዙ ዓመታት ያከራከረው ይኸው ነበር።

ለመልሱ የሚረዳው፣ ይህ ጠባይ እንዴት ይለካ እንደነበር ማየት ነው። ሐኪሞቹ ሰውየው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ አነጋገሩን ያምኑ ስለነበር፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ሆን ብሎ ቃላቱን እየጎተተና እየተደናቀፈ፣ ማንም ገና ሳያልቅ የሚገምተውን ጥያቄ፣ ለምሳሌ «ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሣሉ» የሚለውን፣ እጅግ አዝግሞ ያቀርብ ነበር፤ ይህን ጊዜ «ዓይነት ኤ» የሆነው ተጠያቂ…

«ያቋርጠዋላ!» አለ ወዳጅየው። ልክ ነው፤ ጥያቄውን ራሱ ጨርሶ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች እኩል ቢያቋርጡም፣ አንደኛው ነገሩ ስለገባው ፈገግ ብሎ ሲመልስ፣ ሌላው ጥርሱን ነክሶ፣ ጠያቂውን በዓይኑ እየገላመጠ ይመልሳል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በካሊፎርኒያ ከ3,000 በላይ ወንዶች ለስምንት ዓመት ተኩል ያህል ክትትል ሲደረግባቸው፣ «ዓይነት ኤ» የሆኑት በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዛቸው ዕድል ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የእነዚሁ ሰዎች መረጃ ከ22 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመር ግን፣ ሕመሙ ከያዛቸው መካከል ችኩሎቹ ከረጋ ጠባይ ካላቸው ይልቅ በሕይወት መቆየታቸው ታየ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1988 ሲታተም የቀድሞውን እምነት ክፉኛ አናጋው። የትምባሆ ኩባንያዎች ለዚህ ዘርፍ ምርምር ገንዘብ ያፈስሱ እንደነበር ኋላ ከራሳቸው ሰነዶች መታወቁም አይዘነጋም፤ ጥፋቱ ከሲጋራው ተነሥቶ በአጫሹ ጠባይ ላይ ቢላከክ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እየተባለ ያደገ ሰው ግን ችኮላ ደኅና ነው ቢሉት አያምንም» ሲል ወዳጅየው ተከራከረ። ምሳሌያዊው አነጋገር ስለ ሥራው ጥራት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ልብ ግን የሚናገረው የለም። ተመራማሪዎች ጠባዩን በየክፍሉ ነጣጥለው ሲያዩ፣ ይበልጥ ከሕመም ጋር ተያይዞ የተገኘው ጥድፊያው ወይም የሥራ ፍቅሩ ሳይሆን ቁጣው፣ በተለይም ሰውን ሁሉ በክፉ የመጠርጠርና ቂም የመያዝ ዝንባሌው ነበር። በሰሜን ካሮላይና በተማሪነታቸው ጊዜ የተመዘኑ 255 ሐኪሞች ከ25 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ በዚህ ዝንባሌ መለኪያ ከፍተኛ ነጥብ የነበራቸው በልብ ሕመም ይበልጥ ተጠቅተው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ጤነኛውና ሕመምተኛው ገጽታ በአንድ ጠባይ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በባንክ ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ችኩሎች ቢኖሩ፣ አንደኛው ወረቀት አውጥቶ የነገውን ሥራ ይጽፋል፤ ሁለተኛው የገንዘብ ከፋይዋን ዝግታ፣ የፊተኛውን ሰው ወሬኛነት፣ የጥበቃውን አድልዎ አንድ በአንድ እየቆጠረ ደሙን ያፈላል። ሁለተኛውን «ትጋት ጎዳው» ማለት ለቁጣው የክብር ስም መስጠት ነው።

«ጠባይ ይቀየራል ወይ?» አለ ወዳጅየው በመጨረሻ። ፍሪድማንና ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከተረፉ ከ1,000 በላይ ሰዎች ጋር ይህንኑ ሞክረዋል። ለሕሙማኑ ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ፣ ገበያ ሲሄዱ ሆን ብለው ረጅሙን ወረፋ እየመረጡ መቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው፣ የጠባይ ምክር ካገኙት መካከል 12.9 በመቶ፣ የተለመደውን የልብ ሕክምና ምክር ብቻ ካገኙት መካከል ደግሞ 21.2 በመቶ ነበሩ።

«ረጅሙን ወረፋ!» አለ ወዳጅየው፤ ሰዓቱንም አየ።