«ቤዝ ጊታር ግዙልኝ»

ልጃችሁ ከጓደኞቿ ጋር ባንድ መሥርታ «የምንጫወተው ስዋምፕ ሮክ ነው፣ እኔ ደግሞ ቤዝ ነኝ» ስትላችሁ፣ ከአፋችሁ የሚያመልጠው የመጀመሪያ ጥያቄ ምናልባት «ለምን ዋናውን ጊታር አትይዢም?» የሚል ይሆናል። እባካችሁ ዋጡት። በካሴት ዘመን ቤታችሁ ሲከፈት የኖረውን የሮሃ ባንድ ሥራ አንዱን መርጣችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ታችኛው ድምፅ ጣል አድርጋችሁ ስሙት። ወገባችሁን ሲያንቀሳቅስ የኖረው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው።

ወደ ግዢው ከመሄዳችን በፊት ሙዚቃውን እንወቀው፤ መሣሪያውን የሚመርጠው እሱ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) «ስዋምፕ» ረግረግ ማለት ነው። ሙዚቃው መንፈሱን የሚወስደው ከአሜሪካዋ ሉዊዚያና ረግረጋማ ምድር ሲሆን፣ ብሉዝና ካንትሪ ከአካባቢው የጭፈራ ሙዚቃ ጋር ተቀላቅለው ከባድ፣ የማይቸኩል ድምፅ ይሰጡታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለዓለም ያስተዋወቀው ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የተባለው ባንድ ግን፣ የሚገርመው፣ ከሉዊዚያና ሳይሆን ከካሊፎርኒያዋ ኤል ሴሪቶ ነው የወጣው። የረግረጉ እውነተኛ ልጅ ቶኒ ጆ ዋይት ነበር። በ1969 ዝነኛ ያደረገው ዘፈን የሚያወራው ችግረኞች ቀቅለው ስለሚበሉት የዱር ቅጠል ነው፤ እንደ እኛ ሳማ ማለት ነው።

በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ቤዝ ብዙ አያወራም። ክሪደንስ በ1970 ያወጡት «ራን ስሩ ዘ ጃንግል» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ኮርድ ላይ ነው የሚሄደው። ቤዚስቷ ጥቂት ኖታ ይዛ፣ ከትልቁ ከበሮ ጋር እኩል እየረገጠች፣ ሳትሰለች መመላለስ አለባት። ስለዚህ የምትፈልጉት ድምፅ ወፍራም፣ ክብ፣ ቶሎ የሚሞት እንጂ የሚያብረቀርቅ አይደለም። ባለ አምስትና ባለ ስድስት ክር ቤዝ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ በቁልፍ የተሞላ ከሆነ ለሌላ ሙዚቃ ይሁን። ሱቅ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚወርድላችሁ እሱ ነው፤ ውድም ነው፣ ያምራልም።

ለዚህ ሥራ ደረጃውን የያዘው ቤዝ ሊዮ ፌንደር በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ነው። «ፕሪሲዥን» የተባለው አንገቱ ላይ ባሉት ፍሬቶች ምክንያት ጣት ኖታውን በትክክል ስለሚያገኝ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግዙፉ ኮንትራባስ ይህ አልነበረውም። በ1957 አሁን የምናውቀውን ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ አገኘ። አንድ ፒክአፕ፣ አንድ የድምፅ መጠን ቁልፍ፣ አንድ የቶን ቁልፍ፤ በቃ። የቶን ቁልፉን ትንሽ ሲቀንሱት ረግረጉ ይመጣል። በ1960 የተከተለው ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፕ ስላለው ድምፁ የበለጠ ጥርት ይላል፤ አንገቱም ከላይ በኩል 38 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የፕሪሲዥን አብዛኛውን ጊዜ ከ41 እስከ 44 ይደርሳል። የልጃችሁ ጣቶች ቀጫጭን ከሆኑ ጃዙን ብትመርጥ አልቃወማትም፤ የፊተኛውን ፒክአፕ ብቻ ከፍታ ብትጫወት ወደሚፈለገው ድምፅ በጣም ትጠጋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚባክነውም የልጅ ፍላጎት የሚሞተውም እዚህ ነውና። መደበኛ ቤዝ ከላይኛው መነሻ እስከ ታችኛው ድልድይ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲሜትር ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ለመድረስ ክንዷን ዘርግታ፣ አንጓዋን አጥፋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «እጄን አመመኝ» ትላለች። ቤተሰብም «ተሰጥኦ የላትም፣ ብራችንን አቃጠልን» ይላል። ልጅቷ ምንም አልጎደላትም፤ መሣሪያው ረዝሞባታል። ባለ 30 ኢንች፣ ማለትም 76 ሴንቲሜትር የሆነ «ሾርት ስኬል» የሚባል አጭር ቤዝ አለ፤ ፌንደር ራሱ ሙስታንግን በ1966 ያወጣው በዚህ ልክ ነው። ክሩ ስለሚላላ ድምፁ ይበልጥ ይወፍራል፣ ለስዋምፕ ሮክ ደግሞ ይህ ምርቃት ነው። «የልጅ መጫወቻ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ሌላው ክብደት ነው። ቤዝ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሱቅ ውስጥ በማንገቻ አንገቷ አስገብታ አሥር ደቂቃ ቆማ ትጫወት፤ እናንተ ስልካችሁን እዩ እንጂ አታቻኩሏት። ያገለገለ ከሆነ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ መጣመሙን እዩ፣ እያንዳንዱ ፍሬት ላይ ሳይንጫጫ መጮኹን ስሙ፣ ቁልፎቹን ስታዞሩ ቢንኮሻኮሽ ዋጋ ቀንሱበት።

ስለ ስም ደግሞ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ሰው ለጽሑፍ ስንት እንደሚከፍል በየቀኑ አያለሁ። ስኳየር የፌንደር የራሱ ርካሽ ብራንድ ነው፤ ቅርጹም የፒክአፑ አቀማመጥም ያው ነው። ልዩነት የለም አልልም፤ እንጨቱ፣ ብረታብረቱ፣ አጨራረሱ ይለያያል። ነገር ግን በጀማሪ እጅ ላይ ያ ልዩነት አይሰማም፣ ጓደኞቿ የሚያዩት ጭንቅላቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። የተረፋችሁን ገንዘብ ክር ላይ አውሉት። አብዛኛው ቤዝ ከሱቅ የሚወጣው «ራውንድዋውንድ» በሚባል ሻካራና ደማቅ ድምፅ ባለው ክር ነው። «ፍላትዋውንድ» የሚባለው በጠፍጣፋ ሽቦ ስለተጠቀለለ ለስላሳ ነው፤ ጣት አይፍቅም፣ ድምፁ የደነዘዘና የሞቀ ነው፣ ዓመታትም ይቆያል። የሞታውኑ ጄምስ ጀመርሰን በ1962 ፕሪሲዥኑ ላይ የነበረውን ፍላትዋውንድ ክር ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር ይባላል። ዋጋው ከበዛባችሁ ከዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ከድልድዩ አጠገብ ከክሮቹ ሥር አስገቡ። ቀልድ አይደለም፤ የጥንቶቹ ፌንደሮች በድልድዩ ክዳን ውስጥ ይህንኑ የሚሠራ ስፖንጅ ነበራቸው።

አምፕሊፋየር አትርሱ። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ይህን የሳሎናችሁ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም፣ ቢጮኽበት ደግሞ ሊቀደድ ይችላል። ለመኝታ ቤት 20 ወይም 30 ዋት የቤዝ አምፕ ይበቃል፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይኑረው፤ ከጎረቤት ጋር ፍቅር የሚጸናው በዚያ ነው። ከድራም ጋር ለመለማመድ ግን ከ100 ዋት በላይ ያስፈልጋል፣ እሱን ባንዱ ተዋጥቶ ይግዛ።

ብዙዎቻችሁ «አሜሪካ ያለው አጎቷ ይላክላት» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጊታሩን ይላክ፤ ባትሪ የሌለው ቤዝ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በሻንጣ የሚያመጣ ሰው ግን አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲሜትር ነው የሚፈቅዱት፣ ቤዝ ከነጠንካራ ሣጥኑ ይህን ያልፋል። ክሮቹንም ትንሽ ያላላቸው። አምፑን ግን እዚሁ ግዙ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ ከዚያ የመጣ አምፕ እንዳለ ከተሰካ የመጀመሪያው ኖታ ሳይሰማ ይጨሳል። አጎትዬው «እኔ ምን ልጨምር?» ካለ፣ ሁለት እሽግ ፍላትዋውንድ ክር በሉት፤ ርዝመቱ 30 ወይስ 34 ኢንች ለሆነ ቤዝ እንደሆነ ግን ጽፋችሁ ላኩለት።