የአረጋውያን መጦሪያን ተቆጣጣሪ በሌሊትም ይግባበት!



በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ግዴታ ጥሎበታል። ገዥው ፓርቲ ግን ሸክሙን ለበጎ አድራጊዎች ትቶ በበዓል ቀን ከካሜራ ጋር ብቅ ይላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የወደቁትን ከጎዳና እያነሣ የሚጦረውን መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት እናከብራለን። ምስጋና ግን ቁጥጥርን አይተካም።

በመርሳት በሽታ የተያዙ እናት ቁርስ መብላታቸውን እንኳ አያስታውሱም። አልጋ ላይ ታስረው ቢያድሩ፣ ጸጥ እንዲሉ ብቻ ያልታዘዘ መድኃኒት ቢሰጣቸው የት ሄደው ይከሳሉ? ቢናገሩም «ጃጅተዋል» ይባላሉ። ደውሎ፣ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚያየው የታጠበ አንሶላ ነው፤ ቡናም ይፈላለታል!

እኛ ብንመረጥ ተቆጣጣሪው ሳይነገር፣ በሌሊትና በምግብ ሰዓት ይገባል። የሌሊት ተረኞችን ይቆጥራል። ከነርስ ጋር ሆኖ ጀርባና ተረከዛቸው ላይ የአልጋ ቁስል መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ኪሏቸውን ካለፈው ወር ጋር ያስተያያል፤ የመድኃኒት መዝገቡን ከቀረው ክኒን ጋር ያመሳክራል። በሩ የሚቆለፍ ከሆነ፣ እሳት ቢነሣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንጻ አይደለም፤ ነርስ፣ ሚዛንና በጉቦ የማይደለል ሰው ነው።

ውጤቱ የአረጋውያኑ ስም ሳይጠቀስ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ጉድለት ለተገኘበት ቤት የማረሚያ ቀን ይቆረጥለታል፤ ካላረመ ይዘጋል። ለአረጋውያኑ ሌላ ማረፊያ ሳይዘጋጅ ግን አንድም በር አይታሸግም።