የዒላማ ጠመንጃና የክፉ ቀን ጠመንጃ

«ዒላማ መለማመድ ከፈለግህ ኤአር-15 ግዛ፤ ነገ ሊከለክሉት ይችላሉ።» በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ቡና ይዞ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ስለ ጠመንጃ ወሬ ሲነሣ ይህን ምክር የሚሰነዝር ሰው አይጠፋም። ምክሩ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያምታታል። አንደኛው «ወረቀት ላይ የተሣለችውን ክብ ለመምታት የሚስማማኝ ጠመንጃ የትኛው ነው?» የሚል የመዝናኛ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ይዤ ልቁም?» የሚል የሥጋት ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን መጠየቅ የሚሻ ሰው በግልጽ ይጠይቅ፤ የአገሩ ሕግ ይፈቅድለታል። የሥጋቱን ጠመንጃ የስፖርት ካባ አልብሶ ለጀማሪ ማሻሻጥ ግን አግባብ አይደለም። የዒላማ ጠመንጃ የሚመረጠው በዒላማው እንጂ በምርጫ ዘመቻ ወሬ አይደለም ብዬ እከራከራለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ማምታታቱ ከየት መጣ? ኤአር-15ን የነደፈው አርማላይት የተባለ ኩባንያ ነው፤ በ1959 መብቱን ለኮልት ሸጠ፤ ወታደራዊ ወንድሙ ኤም-16 ተብሎ ቬትናም ዘመተ። «ኤአር» የኩባንያውን ስም የሚጠቁም ምሕጻረ ቃል ነው፤ «የማጥቂያ ጠመንጃ» ማለት ነው እያሉ የሚጽፉ ተቃዋሚዎች ይህን እንኳ ሳያጣሩ ይሟገታሉ። ሻጮቹ ግን ከእነርሱ የባሱ ናቸው። የ1994ቱ የፌዴራል እገዳ በ2004 ጊዜው አብቅቶ ገበያው ከተከፈተ በኋላ፣ የኢንዱስትሪው ማኅበር በ2009 «ዘመናዊ የስፖርት ጠመንጃ» የሚል ስያሜ ይዞ ብቅ አለ። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው የክርስትና ስሙ ነው።

ስፖርት ከተባለ ማስታወቂያውም ስለ ስፖርት መሆን ነበረበት። ቡሽማስተር የተባለው አምራች ግን ጠመንጃውን የገዛ ሰው የወንድነት መታወቂያ ካርዱ እንደታደሰለት የሚያበሥር ማስታወቂያ አሠራ። በዲሴምበር 2012 በሳንዲ ሁክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች የተገደሉት በዚሁ አምራች ጠመንጃ ነበር። የዘጠኝ ሟቾች ቤተሰቦች ክስ ያነጣጠረው በዚህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ላይ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2022 የባለቤቱ ኩባንያ የሬሚንግተን መድን ሰጪዎች 73 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ጉዳዩ ተቋጨ። ስለ ክብና ስለ ነጥብ፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ዓይን የሚናገር ጠመንጃ ሻጭ እንዲህ ያለ ቋንቋ ምን ያደርግለታል?

ይህን ስል ኤአር-15 ዒላማ አይመታም ማለቴ አይደለም። በኦሃዮ ካምፕ ፔሪ በሚካሄደው ብሔራዊ ውድድር ተወዳዳሪዎች በዚሁ ዓይነት ጠመንጃ እስከ 600 ያርድ ድረስ ይተኩሳሉ፤ የቀድሞዎቹን ጋራንድና ኤም-14 ከመስመሩ ያስወጣው እርሱ ነው። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች ጠመንጃ አፈሙዙ ተመርጦ፣ ቃታው ተስተካክሎ የተዘጋጀ ነው። በሱቁ ግድግዳ ላይ ባትሪና ልዩ ልዩ መያዣ ተለጥፎበት የሚያብረቀርቀው ሌላ ነው። ጀማሪው ደግሞ ካምፕ ፔሪ አይደለም የሚሄደው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በ50 ሜትር ርቀት ወረቀት ሊበሳ ነው።

በ50 ሜትሩ የኦሊምፒክ ውድድር ዐሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። ተወዳዳሪው ተንበርክኮ፣ ተኝቶና ቆሞ ይተኩስባታል። የሚተኩሰው ጥይት ደግሞ በ1887 የተፈለሰፈው ትንሹ .22 ሎንግ ራይፍል ነው። እርሳሱ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለዒላማ የሚሠራው ዓይነት ከድምፅ ፍጥነት በታች ይጓዛል። በዓለም ላይ ምርጥ የሚባሉት ተኳሾች በዚህች ጥይት ሲጨነቁ የእኛ ጀማሪ «ትንሽ ናት» ብሎ የሚንቃት በምን ሚዛን መዝኗት ነው? ትንሽነቷ እኮ ነው ጥቅሟ። ትከሻ የሚመታና ጆሮ የሚያደነቁር ጠመንጃ ይዞ የጀመረ ሰው ገና ቃታውን ሳይስብ መሸማቀቅና ዓይን መጨፈን ይለምዳል፤ ያንን ልማድ ማስተው ከማስተማር ይከብዳል። ዋጋዋም ከትልቁ ጥይት በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ዒላማ ደግሞ የሚለመደው በመተኮስ ነው።

በሌላው ጫፍ «የፋብሪካ ጠመንጃ ለዒላማ አይበቃም፣ በባለሙያ እጅ ልዩ ተሠርቶ ካልታዘዘ» የሚሉ ባለጠጎች አሉ። ለእነርሱ መልሱ ዑልም ከተማ ነው፤ በኦሊምፒክ መስመር ላይ ለዐሥርት ዓመታት የታየው የጀርመኑ አንሹትዝ ከፋብሪካ የወጣ ጠመንጃ ነው። ያን መግዛት ለማይችል ደግሞ የቼኩ ሲዜድ 457፣ የፊንላንዱ ቲካ ቲ1ኤክስ፣ ወይም በርካሽ ዋጋ የአሜሪካው ሳቬጅ ማርክ 2 አለለት። ሦስቱም በእጅ የሚቀባበሉ ናቸው። ከ1964 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የተሸጠው ሩገር 10/22 በራሱ የሚያቀባብል ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመርጠውም። ዐሥር ጥይት የያዘች ካዝና በዐሥር ሰከንድ ባዶ ስትሆን ደስታው እንጂ ትምህርቱ አይታየኝም። በእጁ የሚያቀባብል ሰው ቀለሁን አስወጥቶ ሌላውን እስኪያጎርስ ድረስ ያለፈው ተኩስ ለምን ወደ ግራ እንደሄደ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል።

«ነገ ይከለክሉታል» የሚለውም ለዒላማ ጠመንጃ አይሠራም። የሜሪላንድ የ2013 ሕግ የማጥቂያ ጠመንጃ ብሎ የፈረጃቸውን ብዙ ዓይነቶች ከለከለ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2025 ጉዳዩን አላይም አለ። ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ በእጅ የሚቀባበለውን ባለ .22 ማንም አልነካውም።

እኛ ሐበሾች ይህን ልዩነት ለመስማት የምንቸገርበት የራሳችን ምክንያት አለን። ቋንቋችን የጠመንጃን ስም ከአውሮፓ ፋብሪካ ወስዶ የራሱ አድርጎታል፤ ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ለበን «ለበል» ነው፤ በልጅግ ቤልጅግ ነው። ነፍጥ መያዝ ማዕረግ ነበር፤ ከነፍጥ የወጣው «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ዛሬም በፖለቲካችን ውስጥ ሰው የሚሰደብበትና የሚገደልበት ሆኗል። በእንዲህ ያለ ታሪክ ያደገ ሰው ጠመንጃን እንደ ቴኒስ መምቻ ሊያየው እንደሚከብደው ይገባኛል። የዒላማ ተኩስ ግን ፉከራ የለውም። ዘራፍ የሚባልለት ጠላት የለም፤ ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚመሰክረው በተኳሹ ላይ ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት ጠመንጃ የተባለን ሁሉ የሚያወግዙት ወገኖቼም አይዋጡልኝም፤ ትንሿን የዒላማ ጠመንጃ ከቡሽማስተር ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ሲከቱ ለሻጮቹ ማምታታት ያግዛሉ።

ሌላው የሚዘነጋው የስደተኛነት ጣጣ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሕጉን አሟልቶ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን፣ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ለእርሱ ብሎ በራሱ ስም የሚገዛለት ጓደኛም ወንጀለኛ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ የሚቆለፍ ሣጥን ከጠመንጃው እኩል የበጀቱ አካል ነው፤ «ትንሽ» ያልናት ጥይት እኮ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች።

እንግዲህ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሱቅ ሲገባ ባዶነቱን አረጋግጦ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ያስጠጋ፤ ሰደፉ አንገቱን ሳያጣምም ጉንጩን ከማነጣጠሪያው ጋር ያገናኛል ወይ? ቃታው ሳይንገራገጭ ይለቃል ወይ? ሻጩን አስፈቅዶ ይሞክረው። ሻጩ «ይህ ደግሞ ለክፉ ቀን» እያለ ወደ ግድግዳው ቢያመለክት አመስግኖ ይለፈው። ከዚያ በተረፈው ገንዘብ አምስት ዓይነት የ.22 ጥይት፣ ከየዓይነቱ ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ ይግዛ፤ አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ጥይት ከዚያው ፋብሪካ የወጣ መንትያው ላይወደው ስለሚችል፣ በ50 ሜትር ላይ እያንዳንዱን አምስት አምስት እየተኮሰ ቀዳዳዎቹ የተሰበሰቡበትን ወረቀት ይዞ ይመለስ።