አምፑል እናተርፋለን ብለን ሰው እንዳናጣ



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰፈራችን አንዳንድ ባለመኪኖችና የሚኒባስ ሾፌሮች የፊት መብራታቸውን ሽቦ እያስቀየሩ፣ አምፑሉ ከተሠራለት ባነሰ ቮልት እንዲበራ ማድረግ መጀመራቸውን ሁላችንም እያየን ነው። ገሚሱ «አምፑል ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ አስቸገረኝ» ይላል። ገሚሱ «ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳልወጋ ብዬ ነው» ይላል። «ቀን ቀን ከሩቅ እንድታይ ነው» የሚሉም አሉ። ሦስቱም ምክንያቶች ከክፋት የመጡ አይደሉም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር የምንሄደው የሁላችንም ስለሆነ፣ አቋማችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ግልጽ ማድረግ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። አቋማችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ለቀን ከሆነና በደንብ ከተሠራ፣ ይሁን። ለማታ ግን በፍጹም አይሆንም!

ምክንያታችንን እናስረዳ። በብዙ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ኤች 4 የሚባለው ባለሦስት እግር አምፑል በውስጡ ሁለት ክር አለው፤ ለረጅሙ መብራት 60 ዋት፣ ለአጭሩ 55 ዋት። 13.2 ቮልት ሲያገኝ አጭሩ መብራት 1,000 ሉመን ያህል ብርሃን እንዲሰጥ ሆኖ ነው የተሠራው። ታዲያ ቮልቱ ከመቶ 10 ቢቀንስ፣ ማለትም ወደ 12 ግድም ቢወርድ፣ ብርሃኑም ከመቶ 10 ብቻ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም። ክሩ ግለቱ ሲቀንስ ብርሃኑ ከቮልቱ ቀድሞ ስለሚወድቅ፣ የሚቀረው ከመቶ 70 ገደማ ነው። ቮልቱ በግማሽ ከተቀነሰማ፣ የሚቀረው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ቢሆን ነው።

በሌላ በኩል እውነቱ መካድ የለበትም። ቮልቱ ከመቶ 10 የተቀነሰለት አምፑል ዕድሜው ወደ አራት እጥፍ ሊረዝም ይችላል። የአምፑል ዋጋ ለሾፌሩ ቀላል እንዳልሆነም እናውቃለን። ነገር ግን ሒሳቡ በሙሉ ይሠራ! የተረፈው አንድ አምፑል ነው። የጠፋው ደግሞ ሾፌሩ ሰው የሚያይበት ብርሃን ነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ሰው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ በዚያች ሴኮንድ ውስጥ መኪናው 11 ሜትር ይሄዳል። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 9 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 20 ሜትር ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 37 ሜትር ይደርሳል። መንገዱ ዝናብ ሲመታው ከዚህም ይብሳል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ምናልባት በደካማ መብራትም ይታዩ ይሆናል። ጥቁር ሹራብ የለበሰ ተማሪ፣ ጆንያ ተሸክሞ መንገድ የሚያቋርጥ ወዛደር፣ ከሥራ አምሽታ የምትገባ ልጅስ? የመንገድ መብራት በሌለበት ጥግ የእነሱ ሕይወት በመኪናው መብራት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አንርሳ።

«ዓይን እንዳልወጋ ነው» ለሚሉት ወንድሞቻችንም መልስ አለን። አጭር መብራት ዓይን የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ ቮልቱ ስለበዛ ሳይሆን አቅጣጫው ወደ ላይ ስለቀና ነው። መድኃኒቱም ማደብዘዝ ሳይሆን ማስተካከል ነው። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀት ላይ አቁማችሁ አጭሩን መብራት አብሩ። ግድግዳው ላይ የሚታየው የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከአምፑሉ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ከወጣ በብሎኗ ይስተካከል። ይህ ሥራ ቪቴ እንጂ አዲስ ሽቦ አይጠይቅም።

ስለ ቀኑ መብራት ደግሞ እንነጋገር። ቀን መብራት አብርቶ መንዳት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 አስገዳጅ አድርጋዋለች። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1989 ወዲህ የሚሠሩ መኪናዎች የቀን መብራት እንዲኖራቸው ደንግጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ላይ እንዲገጠም አዝዟል። በሰሜን አሜሪካ በ1990ዎቹ ከፋብሪካ ከወጡት መኪናዎች መካከል፣ ሁለቱን ረጅም መብራቶች አንዱን ከአንዱ በማስቀጠል ቮልቱን ለሁለት አካፍለው ቀን ቀን በደብዛዛው የሚያበሩ ነበሩ። ስለዚህ ሐሳቡ ራሱ ሞኝነት አይደለም። ቀን የሚፈለገው መታየት እንጂ ማየት አይደለምና።

ነገር ግን ፋብሪካ በጥናት የሠራውን፣ በየመንገዱ ዳር በአንድ ቁራጭ ሽቦ በግማሽ ሰዓት እንሥራው ማለት ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ነው። በኤች 4 አምፑል የረጅሙና የአጭሩ ክር አንዱን እግር ይጋራሉ። ይህ ሳይታሰብበት ሁለቱ አምፑሎች በቋሚ ሽቦ ከተቀጣጠሉ፣ ማታ አጭሩ መብራት ሲበራም ኃይሉ በማይገባው መንገድ ዞሮ እሱም ይደበዝዛል። ደግሞም በተቀጣጠሉ አምፑሎች አንዱ ክር ሲበጠስ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሌላው አደጋ፣ የቀን መብራት ብቻ ሲበራ የኋላው ቀይ መብራት ላይበራ ይችላል። ሾፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስላየ መብራት ያበራ ይመስለዋል፤ ከኋላው ግን ጨለማ ነው። በቮልት መቀነሻ ሬዚስታንስ የሚሠሩትም ቢሆኑ፣ 9 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ 3 ቮልት መቀነስ 27 ዋት ሙቀት መፍጠር ነው። ፕላስቲክ አጠገብ ከታሰረ የሚያደርሰውን መገመት አያዳግትም።

አንድ ነገር እንጨምር። ምንም ሳይነካኩ መብራታቸው የደበዘዘባቸው መኪናዎችም አሉ። ምክንያቱ ያረጀ ሽቦ፣ የዛገ ማሰሪያና የደከመ ማብሪያ ነው። ሁለት አጭር መብራት 8 አምፔር ተኩል ያህል ይስባል። በመንገዱ ላይ 0.15 ኦም ብቻ ቢያጋጥመው ወደ 1.3 ቮልት ይበላል። ይኸው ከመቶ 10 ቮልት ሳይታወቅ ጠፋ ማለት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱም በርቶ፣ በቴስተር አንዴ ባትሪው ላይ አንዴ አምፑሉ እግር ላይ ቢለካ ልዩነቱ ይታወቃል። ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ማሰሪያው ይጽዳ፤ ካልተሻለም ወፈር ያለ ሽቦ ከፊውዝና ከሪሌ ጋር ይግባ።

እንግዲህ የምናሳስበው ይህን ነው።

1ኛ/ ለማታ ቮልት ያስቀነሰ ሁሉ ሽቦውን ወደነበረበት ያስመልስ።

2ኛ/ የቀን መብራት የሚፈልግ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ፣ በፊውዝና በሪሌ ያሠራ። ማታ ዋናው መብራት ሲበራ ሙሉ ቮልት ማግኘቱን፣ የኋላው ቀይ መብራት መብራቱንም ቆሞ ያረጋግጥ።

3ኛ/ በማኅበራችን ግቢ ግድግዳ ላይ የመብራት ማስተካከያ መስመር እንዲሰመር፣ ቴስተር ያለውም ለጎረቤቱ እንዲያውስ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ፈቃደኝነት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መኪና ያለንም የሌለንም ማታ ማታ በአንድ መንገድ ነው የምንገባው። ባለመኪናውም እኮ በር ላይ ሲወርድ እግረኛ ነው። ስለሆነም የሚቆጠብ ነገር ካለ ሌላ ይፈለግ እንጂ፣ የማታው ብርሃን አይቆጠብ እንላለን።

ከማኅበሩ የመንገድ ደኅንነት ንዑስ ኮሚቴ