ስለ ከንቱ ምስጋና

ስድብ ጐጂ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም ይሸሸዋል። ምስጋናም ሊጐዳ መቻሉን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ስድብ እንደ ጅብ ነው፤ ድምፁ አስቀድሞ ስለሚሰማ በር ይዘጋበታል። ከንቱ ምስጋና ግን በጎተራ ውስጥ እንደ ገባ ነቀዝ ነው፤ ባለቤቱ ጎተራው ሞልቶ ያየዋል፤ እህሉ ዱቄት ሆኖ እንደ ቀረ የሚያውቀው በቸገረው ቀን ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር ልንገርህ።

እኔ የምኖረው በይፋግ ነው። አንድ ቀን ማታ የጎረቤቴ ልጅ፥ ዕድሜው 19 ዓመት የሆነው፥ ስልኩን በእጁ ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ይህ ልጅ አጎቱ በላከለት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲማር ቆይቷል። ያን ዕለት ያመጣው፥ ሮበርት ሹማን የተባለው የጀርመን አገር የሙዚቃ ደራሲ በ1838 እ.ኤ.አ. ከጻፋቸውና «የሕፃንነት ትዕይንቶች» ከተባሉት 13 አጫጭር ዜማዎች ሰባተኛዋን ነበር። ስሟ «ትሮይመራይ» ነው፤ ሕልም ማለም እንደ ማለት ነው። ልጁ ራሱ ተጫውቶ በስልኩ ቀድቷታል። ለጓደኞቹና ለዘመዶቹም ልኮላቸው ነበርና የመለሱለትን ቃል አሳየኝ። «ግሩም ነው»፥ «አንደኛ ነህ»፥ «እጅህ ይባረክ» የሚል ነበር። አንድ ሰው ብቻ «የፈረንጅ ዜማ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ጽፏል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ስፍራ ጠቅሶ «ይህ በጀ፥ ይህ አልበጀም» ያለ አልነበረም።

ነገሩ በጨዋታ የሚታለፍ ቢሆን ኖሮ፥ እኔም «ግሩም ነው» ብዬ ቡና አጠጥቼ በሸኘሁት ነበር። ነገር ግን አባቱ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመፈተን ስላሰበ፥ አባትየው ለመንገዱና ለስንቁ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሊሸጥ ተነሥቶ ነበር። በማግሥቱ ጧት መጥቶ፥ «መምህር፥ እኔ ይህን ነገር አላውቀውም፤ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላል፤ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ በሬውን ልሽጠው ወይስ ይቆይ?» አለኝ። እንግዲህ «ግሩም ነው» የምትለው ቃል ዋጋዋ አንድ በሬ ሆነ ማለት ነው።

እኔ የፒያኖ መምህር አይደለሁም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእግር በሚረገጥ ኦርጋን መዝሙር መምታት ተምሬአለሁ፤ ኖታ ማንበብና ምት መቍጠር አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልልም። ስለዚህ ኖታውን ከፊቴ ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አደመጥሁት። የልጁ እጅ ለስላሳ ነው፤ ዜማዋን እንደሚወዳት ይሰማል፤ ይህን አስቀድሜ ነገርሁት። ቀጥሎ ጉድለቱን ነገርሁት። ይህች ዜማ ከታች ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ያንኑ አወጣጥ ደጋግማ ታመጣዋለች፤ ሁለተኛው ጫፍ ከፊተኛው ከፍ ይላል፤ በመጨረሻው ጫፍ ላይም ደራሲው ድምፁ ከልኩ በላይ እንዲቆይ ምልክት አድርጎበታል። ልጁ ግን የፊተኛውን ጫፍ በሙሉ ኀይሉ ስለ መታው፥ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚጨምረው ነገር አጣ። ሁለተኛ፥ ረዥሙን ድምፅ ቈጥሮ ሳይጨርስ ይለቀዋል። ሦስተኛ፥ ጣቱ በተቸገረበት ስፍራ ይቆማል፤ የማያውቅ አድማጭም ደራሲው ያዘዘው ዕረፍት ይመስለዋል። አራተኛ፥ ድምፅ የሚያስረዝመውን ፔዳል አንድ ጊዜ ከረገጠ አያነሣውም፤ ስለዚህ የፊተኛው ድምፅ ከኋለኛው ጋር ይደባለቅና ሁሉም እንደ ደፈረሰ ውሃ ይሆናል።

ለአባቱም፥ «በሬው ይቆይ፤ ልጁ ግን ትምህርቱን አይተው» አልሁት። ልጁ ፊቱ ጠቈረ፤ ስልኩን አንሥቶ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ነሣኝ።

አንዳንድ ወዳጆቼ፥ «የልጁን ልብ ሰበርህ፤ ብታበረታታው ይሻል ነበር» ብለው ወቀሱኝ። እኔም እጠይቃቸዋለሁ፤ ማበረታታት ማለት ብርታት መስጠት አይደለምን? ሐሰት ከየት አምጥታ ብርታት ትሰጣለች? እውነቱን እኛ ባንነግረው አዲስ አበባ ያለው ፈታኝ ይነግረው የለምን? ልዩነቱ ይህ ነው፤ እኛ የምንነግረው በሬው ሳይሸጥ ነው፤ ፈታኙ የሚነግረው ከተሸጠ በኋላ ነው። ወዳጅ ያስለቅሳል፥ ጠላት ያስቃል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን የምለው ራሴ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አስተምር በነበርሁበት ዘመን፥ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ሲመሽብኝና ሲደክመኝ፥ ገጹን በሚገባ ሳላነብ በቀይ ቀለም «ጎበዝ» ብዬ አልፍ ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዲቱ በብሔራዊ ፈተና ወደቀች። ደብተሮቿን ተሸክማ ቤቴ ድረስ መጣችና አንድ በአንድ ገልጣ እያሳየችኝ፥ «መምህር፥ እዚህ ጎበዝ ብለውኛል፤ እዚህም ብለውኛል፤ ታዲያ ስሕተቴን መቼ ሊነግሩኝ ነበር?» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

እኔ የሚሲዮን ልጅ ነኝ፤ በቤተ ክህነት ደጅ አልተማርሁም። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር፥ በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤት ከእኛ ይበልጣል። በዚሁ በእኛ አገር በጋይንት፥ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነች ቤተልሔም አለች። ድጓ የተማረ ሰው ዕውቀቱ እንዲመሰከርለት ወደዚያ ይሄዳል። ተማሪው በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩም ድፋቱን ወይም ቅናቱን፥ ይዘቱን ወይም ጭረቱን የሳተ እንደ ሆነ ያስቆመዋል፥ ይመልሰዋል፥ እንደ ገና ያስብለዋል። እነዚህን የዜማ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩአቸው ይነገራል። ምልክት መኖሩ ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ በጣት ለማመልከት ይረዳል። «ግሩም ነው» የሚለው ቃል ግን ምልክት የለውም፤ የትም ስፍራ አይጠቍምም።

ይህም የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ያችን ዜማ የጻፈው ሹማን ራሱ፥ በ1834 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ ከተማ ከወዳጆቹ ጋር የሙዚቃ ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር፤ ደካማውንም ብርቱውንም በአንድነት የሚያወድሱትን የዘመኑን ጸሐፊዎች ይቃወም ነበርና። ይህ ሰው ምስጋና የሚነፍግ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በ1831 እ.ኤ.አ. የ21 ዓመት ወጣት የነበረውን ሾፐንን በጋዜጣ ላይ በታላቅ አድናቆት አስተዋውቆታል። ምስጋናው የተከበረለት በየደጁ ስለማይበትነው ነው። በቀድሞ ዘመን በይፋግ ሰፊ ገበያ በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር፤ ጫፉ የተሰበረ አሞሌም እንደ ሙሉው አይቈጠርም ነበር። የተሰበረውም ሁሉ ሙሉ ነው ቢባል ኖሮ፥ አሞሌ ገንዘብ መሆኑ በቀረ ነበር።

«የፈረንጅ ዜማ ምን ያደርግልናል?» ላለው ሰው ደግሞ መልስ አለኝ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም በካይሮ ከተማ በፖላንዳዊው መምህር በኮንቶሮቪች ሥር ሆነው በቀን 9 ሰዓት፥ 4ቱን በቫዮሊን 5ቱን በፒያኖ ይለማመዱ ነበር። ከመነኰሱ በኋላ በጎንደር ሲኖሩ፥ የዜማ ተማሪዎች እየለመኑ ሲማሩና በሜዳ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። እንዲህ ያሉትን ለመርዳት አስበው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ። የፈረንጅ የተባለው ፒያኖ ስለ ቆሎ ተማሪ ተመታ ማለት ነው። ግርማ ይፍራሸዋም በያሬድ ትምህርት ቤትና በቡልጋርያ በሶፊያ ተምሮ፥ የሾፐንንና የሹማንን ዜማ ከራሱ ድርሰት ጋር ለሕዝብ አሰምቷል። ዜማ ዘር አይጠይቅም፤ ድካም ግን ይጠይቃል። እንዲያውም ሥራውን ሳይሰማ የሚንቅ ሰውና ሳይሰማ የሚያመሰግን ሰው ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ለማድመጥ ሰንፈዋል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ወዳጃችሁ የእጁን ሥራ ቢያሳያችሁ፥ አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው አድምጡ ወይም አንብቡ። መልካሙን ስፍራውን ጠቅሳችሁ ንገሩት፤ ጉድለቱንም እንዲሁ ስፍራውን ጠቅሳችሁ፥ ነገ ሊያርመው የሚችለውን አስቀድማችሁ ንገሩት። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። በሰው ፊት አታሳፍሩት። ሥራውን የምታሳዩትም እናንተ ብትሆኑ፥ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ምስጋና የሚለምን ጥያቄ ነውና። «የት ላይ ሳትሁ?» በሉ።

ያ ልጅ ከጥምቀት በኋላ ወደ ቤቴ ተመልሶ መጣ። እንደ ገና ቀድቶ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እርሳስ አውጥቶ ተቀመጠ፤ እስኪያልቅ ድረስም አልተናገረም። የፊተኛውን ጫፍ በለሆሳስ መታው፤ የመጨረሻው ጫፍ ሲደርስ እኔም ትንፋሼን ያዝሁ። ረዥሙን ድምፅ በልኩ ይዞታል። የፔዳሉን ነገር ግን ገና አላረመውም፤ ይህንንም ነገርሁት፤ እርሱም ጻፈው። በሬው እስከ ዛሬ ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ ያርሳል።