ዓይን ሲሸፈን ጆሮ ይፈርዳል

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ዶክተር፣ ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ጥያቄ ብጠይቅዎ ቅር ይልዎታል?» አለኝ። ወጣቱ ጊታር ይጫወታል። የሚጫወተውንም በላፕቶፑ ላይ በጫነው፣ የአምፕሊፋየርን ድምፅ አስመስሎ በሚያወጣ ሶፍትዌር አማካይነት ይቀርጻል። ይሁን እንጂ የቀረጸውን ለሰው ማሰማት ካቆመ ሰንብቷል። «እውነተኛው የጊታር ድምፅ ከቲዩብ አምፕሊፋየር ካልሆነ በቀር አይገኝም ይላሉ። እኔ ደግሞ እሱን የምገዛበት አቅም የለኝም። ታዲያ የእኔ ልፋት ምን ዋጋ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ቲዩብ አምፕሊፋየር ፊት ለፊቱ ሆኖ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው፣ አንድም ቀን ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ይህ ወጣት ግን ያልሰማውን ድምፅ በመናፈቅ ጊታሩን ሊያስቀምጥ ደርሶ ነበር።

ጥያቄው ከትምህርቱ ውጭ አይደለም። እንዲያውም በፊዚክስ እምብርት ላይ የቆመ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍም ለእርሱና ለመሰሎቹ የተሰጠ መልስ ነው። የጸሐፊው አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ በቲዩብና በዲጂታል መካከል ያለው ልዩነት ሊለካ የሚችል የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ «የትኛው ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ ፍርድ ግን የመሣሪያው ማንነት ከዳኛው ዓይን እስካልተሸፈነ ድረስ ሚዛን አይደፋም።

በመጀመሪያ ቲዩብ ምን እንደሆነ እንመልከት። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን የጥንቱን ሬዲዮ ያስታውሱታል። በአያቴ ቤት የነበረው ሬዲዮ ቁልፉ እንደ ዞረ ወዲያው አይናገርም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከጀርባው ቀላ ያለ ብርሃን ሲታይ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ ይቀርባል። ያ የሚቀላው ነገር ቲዩብ ነው፤ አየሩ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ማለት ነው። በውስጡ ካቶድ የሚባለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። አኖድ የሚባለውና ብዙ መቶ ቮልት የተሰጠው ሁለተኛው ብረት ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን ይስባል። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የሠራው ቲዩብ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። አሜሪካዊው ደ ፎረስት ግን እ.ኤ.አ. በ1906 ሦስተኛ ክፍል ጨመረበት። ይህ ግሪድ የተባለው ወንፊት መሰል ሽቦ በሁለቱ መካከል ቆሞ እንደ በር ጠባቂ ያገለግላል። በግሪዱ ላይ የሚደረግ ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ወደ አኖዱ የሚሄደውን ፍሰት በብዙ ይለውጠዋል። ማጉላት ማለትም ይኸው ነው።

በታኅሣሥ ወር 1947 እ.ኤ.አ. በቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተር ተወለደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቲዩብ ከሬዲዮው፣ ከቴሌቪዥኑና ከኮምፒዩተሩ ተራ በተራ ተባረረ። ከቤቱ ያላባረሩት ጊታሪስቶች ናቸው። ለምን ይሆን?

ምክንያቱ ጊታሪስቶች አምፕሊፋየርን የሚጠቀሙበት ከአቅሙ በላይ እየገፉ መሆኑ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ያለው ፍጹም አምፕሊፋየር የገባለትን ሞገድ በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ ያወጣል። ጊታሪስቱ የሚወደው ግን አምፕሊፋየሩ ይህን ማድረግ ሲያቅተው የሚያሰማውን ድምፅ ነው። አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱ ጫፍ ይደፈጠጣል። የተደፈጠጠ ሞገድ ደግሞ በመጀመሪያ ያልነበሩ ድግግሞሾችን ይወልዳል። ለምሳሌ በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚርገበገበው የጊታር አምስተኛ ክር፣ 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚቀጥሉ ሃርሞኒኮች ይጨመሩለታል። ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱም እንዲሁ ነው፤ 110 እና 165 ሄርትዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች የልዩነታቸውን ማለትም የ55 ሄርትዝን ድምፅ ይወልዳሉ። ይህም ከታችኛው ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። የሮክ ሙዚቃ ተጫዋቾች በሁለት ክር ብቻ ያንን ሁሉ ክብደት የሚያገኙት ከዚህ የተነሣ ነው።

በቲዩብ ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በግምት ከቮልቴጁ 3/2 ርቢ ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ያድጋል። ስለዚህ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚታጠፍ ነው። ቀላል የትራንዚስተር ሰርኪውት ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ቀጥ ብሎ ሄዶ በድንገት ይቆርጣል። ራስል ሃም የተባለ የድምፅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ባቀረበው ጥናት፣ ከአቅም በላይ ሲገፉ ትራዮድ ቲዩቦች ሁለተኛውን ሃርሞኒክ፣ ትራንዚስተሮች ደግሞ ሦስተኛውን አጉልተው እንደሚያሰሙ አሳይቷል። እንግዲህ ጊታሪስቶች «ሙቀት ያለው ድምፅ» የሚሉት ነገር ባዶ ተረት አይደለም። በሥሩ ሊጻፍ የሚችል እኩልነት አለ።

ነገር ግን ክርክሩ የሚገለበጠው እዚሁ ላይ ነው። እኩልነቱ ሊጻፍ ከቻለ ሊሰላም ይችላል። ሲሙሌተር የሚባለው ዲጂታል መሣሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የጊታሩን ሞገድ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ያህል ለክቶ፣ ቲዩቡ ያደርግ የነበረውን በቁጥር አስልቶ፣ ውጤቱን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ላይን ሲክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ፖድ የተባለችውን ትንሽ መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሥራው እጅግ ተራምዷል። በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ ሰርኪውቱን ከነጭራሹ ሳይከፍቱ፣ የገባውንና የወጣውን ሞገድ ለነርቭ መሰል የኮምፒዩተር መረብ በማሳየት ብቻ የአምፕሊፋየሩን ጠባይ ማስተማር እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ።

ስሌቱ የራሱ ወጥመድ እንዳለው መደበቅ አይገባም። በሴኮንድ 48,000 ናሙና ሲወሰድ ከ24,000 ሄርትዝ በላይ የሆነ ድግግሞሽ ሊወከል አይችልም። የ5,000 ሄርትዝ ሞገድ ሰባተኛ ሃርሞኒክ 35,000 ሄርትዝ ነው፤ ይህ ቦታ ሲያጣ ወደ ኋላ ታጥፎ 13,000 ሄርትዝ ሆኖ ብቅ ይላል። 13,000 የ5,000 ብዜት ስላልሆነ ከዜማው ጋር ዝምድና የሌለው ባዕድ ድምፅ ይሆናል። መድኃኒቱ ስሌቱን በብዙ እጥፍ ፍጥነት ሠርቶ ትርፉን ማጥራት ነው። በድሮዎቹ መሣሪያዎች ይህ በበቂ ባለመደረጉ ጊታሪስቶች «ሻካራ» ብለው ያማርሩ ነበር፤ አላበዱም።

ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ ጊታሪስት ነበር። አንድ ቲዩብ አምፕሊፋየርና አንድ ሲሙሌተር ነበሩት። እኔም ሁለቱን ሰምቼ፣ «የቲዩቡን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝም እለየዋለሁ» ብዬ ፎከርሁ። ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ አንድ ቅዳሜ ሙከራ አዘጋጀ። አምፕሊፋየሩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ ማይክሮፎን ተከለለት፤ የሁለቱም ድምፅ በአንድ ስፒከር እንዲወጣ አደረገ። መጠናቸውንም በመለኪያ እኩል አደረገ። ሦስተኛ ሰው ሳንቲም እየወረወረ አንዱን ወይም ሌላውን ይከፍታል።

ከ20 ሙከራ 11 አገኘሁ። በጭፍን የሚገምት ሰው 11 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ100 41 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ያን ቀን ከሳንቲሙ የተሻለ ዳኛ አልነበርኩም። ቀድሞ የወደድኩት «ሙቀት» ከየት እንደ መጣ ስንመረምር የቲዩቡ ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተስተካክሎ ነበር። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ድምፅ ከፍ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና ጎርናናውን ክፍል ከቀድሞው ይልቅ አሟልቶ ይሰማል። የማረከኝ ብልቃጡ ሳይሆን የድምፁ ከፍታ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ልዩነት የለም» ብዬ በሌላ አቅጣጫ በፎከርሁ ነበር። ቀጥሎ ግን ባልደረባዬ ራሱ ጊታሩን ይዞ ተቀመጠ። እየተጫወተ ከ20 17 አገኘ። ይህ በግምት የሚገኘው ከ1,000 አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። እንዴት እንደለየ ብንጠይቀው የጊታሩን ድምፅ መቀነሻ ቁልፍ አሳየን። ቁልፉን ቀስ እያለ ሲመልስ ቲዩቡ ከሻካራነት ወደ ጥራት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ የዚያን ጊዜው ሲሙሌተር ግን እንዲህ አልታጠፈም። ልዩነቱ ነበረ። የነበረው ግን እኔ በፎከርሁበት ቦታ አልነበረም። ስም መሸፈኑ ለዲጂታሉ አላደላም፤ ለቲዩቡም አላደላም። የጠቀመው እውነቱን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአንድን ውድ ቲዩብ አምፕሊፋየር ድምፅ በራሱ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ለመድገም ከስቴሪዮፋይል መጽሔት አዘጋጆች ጋር ተወራረደ። ዘዴው መቀነስ ነበር፤ የአንዱን ውጤት ከሌላው ላይ ቀንሶ፣ ቀሪው ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ የራሱን ሰርኪውት አስተካከለ። አዘጋጆቹ በጆሯቸው ሊለዩት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ጥቁር መነጽር አድርገው ስድስት ቫዮሊኖችን እንዲመርጡ አድርጎ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተመረጠው አዲስ የተሠራ ሲሆን ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ያገኘው የስመ ጥሩው ስትራዲቫሪ ሥራ ነበር።

በአንጻሩ «ሙዚቃ ስሜት ነው፤ በቁጥር አይለካም» የሚሉ ወዳጆች አሉ። ስሜቱን አልክድም። ነገር ግን ስሜቱ ከምን እንደ መጣ መጠየቅ ስሜቱን መናቅ አይደለም። ለምሳሌ «ዲጂታሉ ይዘገያል» ይባላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአንድ ሺህኛ ሴኮንድ መዘግየት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ መራቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሲሙሌተሩ በአምስት ሺህኛ ሴኮንድ ቢዘገይ ከአምፕሊፋየሩ 1.7 ሜትር ርቆ እንደ መቆም ነው። መድረክ ላይ የቆመ ጊታሪስት ይህን ያህል ይርቃል፤ ሲያማርር ግን አይሰማም። «ትልቁ አምፕሊፋየር ደረት ያንቀጠቅጣል» የሚለውም እውነት ነው፤ ይህ ግን በትልቅ ስፒከርና በጆሮ ማዳመጫ መካከል ያለ ልዩነት እንጂ በቲዩብና በዲጂታል መካከል ያለ አይደለም።

ስም በፍርድ ላይ ምን ያህል እንደሚጫን ለማየት የራሳችንን ቋንቋ መመልከት ይበቃል። ሲሙሌተርን በአማርኛ «አስመሳይ» ብንለው ሙግቱ ሳይጀመር ፈርደንበታል፤ አስመሳይ በእኛ ዘንድ ስድብ ነውና። ቲዩቡን «እውነተኛ» ስንለውም እንዲሁ ፈርደንለታል።

ውድ አንባቢ፣ ሙከራውን ራስህ ልታደርገው ትችላለህ፤ አንቺም እንዲሁ። የሚያስፈልጉት ሁለት የድምፅ ምንጮች፣ የድምፅ መጠን መለኪያ፣ አንድ ሳንቲምና ውጤቱን የሚጽፍ ሐቀኛ ጓደኛ ናቸው። መጠኑን እኩል አድርጋችሁ 20 ጊዜ ሞክሩ። ከ15 በታች ያገኘ ሰው «እለያለሁ» ለማለት በቂ ማስረጃ የለውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ የቲዩብ አምፕሊፋየርን ወይም የጥንት ሬዲዮን ሽፋን አትክፈቱ። ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚቀረው ብዙ መቶ ቮልት ሰው ሊገድል ይችላል።

ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነው። የቀረጸውን ያሰማ፤ የሚሰማው ሰው በምን እንደተቀረጸ አስቀድሞ አይወቅ። ዜማው ደካማ ከሆነ ቲዩብ አያድነውም፤ ጥሩ ከሆነም ላፕቶፑ አያረክሰውም።

እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ የተማርኩት ከአምፕሊፋየር ያለፈ ነው። ጆሮዬ በስም ከተታለለ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት የሚያየው ዓይኔስ? የጎበዙን ስም አንብቤ የተሳሳተውን መስመር «የእጅ ስህተት ነው» ብዬ አላለፍኩምን? የሰነፉን ስም አይቼ ያንኑ ስህተት «አልገባውም» ብዬ አልቀነስኩምን? ለእነዚህ ጥያቄዎች የማምንበት መልስ ስላልነበረኝ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ጊዜ አንሥቶ የፈተና ወረቀት የማርመው ስሙን በወረቀት ሸፍኜ ነው። ይህ ግን የአንድ መምህር ልማድ ሆኖ መቅረት የለበትም። ፋኩልቲያችን ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎች በመልስ ወረቀታቸው ላይ በስማቸው ምትክ ቁጥር ብቻ እንዲጽፉ እንዲወስን በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። ለቲዩብ ያልነፈግነውን ፍትሕ ለተማሪ ልንነፍግ አይገባም።